የተሸናፊዎቹ ጃንጥላ

ባለፈው ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናችን ዱግናድ ጠርቶ ነበር፤ እዚህ ኦስሎ ዱግናድ የሚባለው ሰው ሁሉ መጥረጊያና ጓንቱን ይዞ በነጻ የሚሠራበት ቀን ነው። የዕቃ ቤቱን በር ስንከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የጧፍ ሰም፣ እርጥብ ጨርቅና ለብዙ ክረምት ያልተናፈሰ ከፈይ አንድ ላይ ተዘግተው ሲከርሙ የሚያወጡት ሽታ። የወጣቶቹ ኃላፊ ናታን፣ እዚሁ የተወለደ ትሑት ልጅ፣ ምእመናን ለስለት ካስገቧቸው ጃንጥላዎች መካከል የተሰባበሩትን እየለየ ውጭ ወደቆመው የቆሻሻ ኮንቴይነር ይወስድ ነበር። ከጥጉ አንድ ረጅም ጃንጥላ መዘዘና አገላብጦ አየው። ቡናማና ቢጫ፣ ሰፊ፣ እጀታው የእንጨት፣ አንዱ ሽቦው የተሰበረ፣ ዳር ዳሩ ላይ የነበረው ጽሑፍ በዕድሜ የጠፋ።

«ይሄ የማስታወቂያ ነው እትዬ ማህሌት። በስሕተት የገባ ይመስለኛል።»

«ኔይ፣ አይሆንም» አልኩት። «እሱ አይጣልም።»

«ተሰብሯል እኮ!»

«አይቻለሁ። አይጣልም።»

ልጄ ሶልያና መስኮት ትወለውል ነበር። እናቷ ሁለት ጊዜ ተከታትላ እምቢ ስትል ሰምታ ስለማታውቅ ጨርቋን እንደያዘች መጣች። ብዙ ማውራት አልወድም፤ የዚያን ዕለት ግን የወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ ለሁለቱም ነገርኳቸው። እዚህም እጽፈዋለሁ፤ ነገሩን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁና።

የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ እኔና እናቴ ቫይትቬት በሚባል የኦስሎ ሰፈር፣ አንድ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ከሱዳን መጠለያ አውጥቶ እዚያ ላስገባን አምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ቤታችን ሁለት ክፍልና አውራ ጎዳናውን የሚያይ ጠባብ በረንዳ ነበረው፤ እናቴ የመጀመሪያውን ሳምንት የግድግዳውን ማሞቂያ በመዳፏ እየነካች «ተመስገን» ስትል ነው የከረመችው። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ለማጽዳት ትወጣለች፣ እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ በር ቆልፌ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ቁልፉን ረስቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የፊት ለፊቱ በር ተከፈተና አቶ ፍራንክ ብቅ አሉ።

አቶ ፍራንክ እንግሊዛዊ ነበሩ፤ ፊታቸው ቀይ፣ አፍንጫቸው በወጣትነታቸው ተሰብሮ ወደ ግራ ያዘመመ። ከሰሜን እንግሊዝ፣ ከአንዲት የማዕድን ከተማ፣ ኖርዌያዊት ሚስታቸውን ተከትለው በመርከብ የመጡ ናቸው፤ እኛ ስንደርስ ሚስታቸው ካረፈች ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ሠላሳ ዓመት ኖረውም ኖርዌጅኛቸው ሶፋ በጠባብ በር እንደሚያስገባ ሰው እየተጋጨ የሚወጣ ስለነበር፣ በመጀመሪያው ክረምት ማለቂያ ላይ እኔ ማረም ጀመርኩ። እናቴ ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም ብላ ስላስጠነቀቀችኝ በኖርዌጅኛም ቢሆን «አቶ ፍራንክ» ነበር የምላቸው፤ ወደዱት መሰለኝ፣ ለገና በላኩልን ካርድ ላይ ራሳቸው «አቶ ፍራንክ» ብለው ፈረሙ።

ያን የመጀመሪያ ቀን በቲማቲም የታሸገ ዓሣ ዳቦ ላይ ቀብተው ሰጡኝ። እናቴ ስትመጣ እሱን እየበላሁ አገኘችኝ፤ ረቡዕ ነበር። አልተቆጣችም፣ ዳቦውን አይታ እኔን አየችኝ፤ እሱ ከቁጣዋ ይብስ ነበር። እኔ እያፈርኩ ረቡዕና ዓርብ እንደምንጾም ተረጐምኩላቸው። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ ቀናት ዳቦና ማርማላታ ብቻ ነበር የሚያቀርቡልኝ፣ እሳቸውም ራሳቸው ያንኑ ይበሉ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

የአቶ ፍራንክ ሳሎን ውስጥ የሚስታቸው ፎቶግራፍ፣ ቴሌቪዥንና በተርታ የተደረደሩ የቪዲዮ ካሴቶች ነበሩ። ካሴቶቹን የሚልከው እዚያው ከተማቸው የቀረው ወንድማቸው ነው፤ ሁሉም የከተማቸው ክለብ ጨዋታዎች ናቸው። ጨዋታው ራግቢ ሊግ ይባላል። እንደ ፓፓያ የሾለች ኳስ አቅፎ መሮጥ ነው፤ ኳሷን በእጅ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ስለሆነ ወደ ኋላ ለጓደኛህ እያቀበልክ ወደ ፊት ትሄዳለህ፣ የያዘውን ሰው ሦስት ሆነው መሬት ላይ ይደፉታል፣ ተነሥቶ ጭቃውን እንኳ ሳይጠርግ ይቀጥላል። እናቴ አንድ ጊዜ ልትወስደኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየች።

«ምን ሆነው ነው?» አለች።

«ሥራቸው ነው እማዬ፤ ደመወዝ ይከፈላቸዋል።»

«ታዲያ ደመወዛቸውን ተቀብለው ለምን አይቀመጡም?»

ለአቶ ፍራንክ ስተረጉምላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ በዚህ ዓመት ስለ ክለቡ የተነገረ እውነተኛ ነገር ይህ ብቻ ነው አሉ። በዚያ ዓመት ክለቡ እየተሸነፈ ነበርና። መስከረም ላይ ተሸነፈ፣ ኅዳር ላይ ተሸነፈ፣ ቫይትቬት በበረዶ ስትሸፈን ገና ይሸነፍ ነበር። እሁድ እኔ ከቅዳሴ ስመለስ፣ እሳቸው ከሰዓት በኋላ ስልኩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ወንድማቸው ይደውላል፣ አቶ ፍራንክ ሁለት ቃል ሰምተው «ራይት»፣ «እሺ በቃ» እንደማለት፣ ይሉና ያስቀምጡታል። ያ «ራይት» ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ከሳምንት በኋላ ካሴቱ ይመጣል፤ እሳቸውም መሸነፋቸውን እያወቁ ቁጭ ብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዩታል። ለምን እንደሚያዩት ስጠይቃቸው፣ «ሲያሸንፉ ሁሉም ሰው ያይላቸዋል፤ ዛሬ ያለነው እኔና አንቺ ብቻ ነን» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ካሴት አላመለጠኝም።

የካቲት ላይ ግን ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። ክለቡ ከከፍተኛው ሊግ ከወረደ ባለቤቶቹ ሜዳውን ሊሸጡት ነው የሚል ወሬ በስልክ መጣ። አቶ ፍራንክ ያን ቀን «ራይት» እንኳ አላሉም። ሜዳው ላይ የእንጨት መቀመጫ አለ፣ ከሥሩ እሳቸውና ወንድማቸው በልጅነታቸው ስማቸውን በምስማር ጭረዋል፤ በጋ ሲሆን ሄደው ሊያዩት፣ እኔንም እናቴ ከፈቀደች ሊወስዱኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። የስልኩን እጀታ ቦታው ሳይመልሱ ጉልበታቸው ላይ ይዘውት ተቀመጡ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲሆን አይቼ የማውቀው እናቴን፣ መጠለያ ሳለን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ተሳልኩ። ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፣ የአቶ ፍራንክ ክለብ ሳይወርድ ከቀረ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ። ጃንጥላ ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ ያኔ ከኖርዌጂያኖች ተውሰን በምንጠቀምበት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ፣ እትዬ ወርቄ የምትባል ሴት ልጇ ከሕመም ተነሥቶላት ባለወርቅ ክር የከፈይ ጃንጥላ ስታስገባ ግድግዳው እስኪነቃነቅ እልል ተብሎላት ነበር። ያ እልልታ ለአቶ ፍራንክ ቡድን እንዲሆን ፈለግኩ። ጃንጥላውን ከየት እንደማመጣ አላሰብኩም፤ ለእናቴም አልነገርኳት። ዐቢይ ጾምን በሙሉ እንደ ትልቅ ሰው ጾምኩ፤ እናቴ መንፈሳዊ ሆንሽ ብላ ደስ አላት፣ እኔ ግን ስግደቱን ሁሉ ለዐሥራ ሦስቱ ጭቃ ለባሽ ተጫዋቾች ነበር የምቆጥረው።

የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ማሸነፍ ብቻ ነበር የቀራቸው። ያን እሁድ ስልኩ ሲጮኽ አቶ ፍራንክ ቆመው አነሡት። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ወንድማቸው ምን እንዳላቸው በኋላ ነገሩኝ፤ ሊያልቅ ሽርፍራፊ ደቂቃ ሲቀር የተመታችው ኳስ የጎሉን ቋሚ ገጭታ ወደ ውጭ ወጣች። ብትገባ ኖሮ ይበቃቸው ነበር። «ራይት» አሉና ስልኩን በቀስታ አስቀመጡት።

እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ገብርኤል እንግሊዝኛ አይሰማም እንዴ ብዬ ጮኽኩ፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ሲጠይቁኝም ስለቱን ዘረገፍኩት። አቶ ፍራንክ ሰምተው ሲጨርሱ ተነሥተው ወደ መተላለፊያው ሄዱና ከኮታቸው ጀርባ ይህን ጃንጥላ አመጡ። ከአገር ሲወጡ ወንድማቸው የሰጣቸው የክለቡ ጃንጥላ ነው፤ ቡናማና ቢጫ፣ ያኔ ጽሑፉ ገና ይነበብ ነበር።

«ውሰጂለት» አሉኝ።

«አይሆንም! ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው። እናንተ ተሸንፋችኋል።»

«ተሸንፈናል። ውሰጂለት።»

ለእናቴ ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ጃንጥላውን ዘርግታ አየችው፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው፣ ለማድረቅ በረንዳው ላይ አቆመችው። «እሁድ ይዘሽው ትገቢያለሽ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እሳቸውም ይምጡ» አለች።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ አቶ ፍራንክ ለሚስታቸው ቀብር የለበሱትን ሱፍ ለብሰው መጡ። ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው በግራጫ ካልሲ ከወንዶች በኩል ቆሙ። ቅዳሴው አልቆ ስለት ያላችሁ ቅረቡ ሲባል ወጣሁ፤ ከኋላዬ በተሰለፉት እጅ ከከፈይና ከወርቅ ክር ሌላ የለም፣ እኔ የስታዲየም ጃንጥላ ታቅፌያለሁ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ሊዘንብ ነው እንዴ?» አለች እትዬ ወርቄ። ሴቶቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረውም፣ እኔ ግን ጆሮዬ ነደደ።

ቄሱ ዝቅ ብለው፣ «ገብርኤል ምን አደረገልሽ ልጄ?» አሉኝ። ለሕዝቡ ጮኽ ብለው ሊናገሩት ነው የጠየቁኝ፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚደረገው። ውሸት ልናገር አልችልም፣ እውነቱን ደግሞ እንዲህ ባለ ቦታ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም።

ያኔ እናቴ ከሴቶቹ መሐል ወጣች። በጉባኤ ቃል ተንፍሳ የማታውቅ እናቴ።

«ምንም አላደረገላትም አባቴ» አለች። «ለምና ነበር፣ አልሆነም። እኛ ግን አምጥተናል።»

እናቴም ነጠላዋን አስተካክላ ብቻዋን እልል አለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ የማይንቀጠቀጥ እልልታ። እስከ ግማሹ ማንም አላገዛትም፤ እሷም አላቋረጠችም። ከዚያ እትዬ ወርቄ ገባች፣ ከዚያ ሁሉም፣ ግድግዳው ተነቃነቀ። የተባለው አንድም ቃል ያልገባቸው አቶ ፍራንክ በካልሲያቸው ቆመው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ያጨበጭቡ ነበር፤ ሰው በሜዳቸው እንደሚያጨበጭበው፣ ፊታቸው ሁሉ እንባ ሆኖ።

ሜዳው ተሸጠ። በዚያ በጋ አልሄድንም፣ ከዚያም በኋላ አልሄድንም፤ መቀመጫው ተነቅሎ ነበር። ክለቡም ጥቂት ዓመት ታች ሊግ ተንገላትቶ ፈረሰ። አቶ ፍራንክ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ሳልጨርስ አረፉ፣ ወንድማቸውም ተከተላቸው። እናቴን ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ኦስሎ ቀበርኳት። አሁን የምኖረው ላምበርትሴተር በሚባል ሌላ ሰፈር ነው፤ ቤቴ ሰፊ ነው፣ ተመስገን፣ ግን ፊት ለፊቴ ያለው በር ላይ የሚኖረውን ሰው ስም አላውቅም፣ ልጄም ቁልፍ ብትረሳ ስልክ ትደውልልኛለች እንጂ ደረጃ ላይ አትቀመጥም። ቡናማና ቢጫ ሲያይ ልቡ የሚነሣ ሰው በዚህች ከተማ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ስጨርስ ናታን ጃንጥላውን በሁለት እጁ ይዞት ነበር። «ኮንቴይነሩ አራት ሰዓት ላይ ይነሣል፤ የተሰበረ ነገር ሁሉ ይውጣ ተብሎ ተወስኗል» አለ፣ ግን ድምፁ ሳስቷል።

«የወሰኑት እኔን ይጠይቁኝ» አልኩት።

ከመሣሪያ ሣጥኑ ቀጭን ሽቦ አውጥቼ የተሰበረውን አሰርኩት፣ የተተረተረውን ጨርቅ በመርፌ ያዝኩት። አላማረም። ለገብርኤል በዓል ታቦቱ ሲወጣ ከከፈዮቹ መሐል ይወጣል፤ ይህን ለናታን ነገርኩት፣ ለቄሱም እነግራለሁ። ሰው ይሳቅ፤ ተስቆበት ያውቃል።

ሶልያና እንዲደርቅ ወደ ደጅ ልታወጣው ተቀበለችኝ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«እማ፣ ስለቱ ግን አልሰመረም አይደል?»

«አልሰመረም» አልኳት። «ቀና አድርገሽ ያዢው።»