ሳይጠየቅ የተለሰነው ደሴት

አክስቴ ስትናደድ አትጮህም። ድምፅዋ ዝቅ ይላል፣ ቃላቱ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ የሚሰማት ሰው ደግሞ ሳያውቀው ወደ ኋላ ይሸሻል። ተማሪዎቿ ይህን ስለሚያውቁ ስም አውጥተውላታል፤ ፊት ለፊት «ቲቸር»፣ ከኋላዋ «ማዕበል»። እሷም ታውቃለች። «ከኋላዬ ስትጠሩኝ ጮክ በሉ፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም» ትላቸዋለች።

የእናቴ ታናሽ እህት ናት። የተወለደችው ከሐይቁ መሃል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ለትምህርት በታንኳ ተሻግራ ዘመድ ቤት ስትገባ ገና የወተት ጥርሷ አልረገፈም ነበር። በዚያው ዓመት መምህሩ መጽሐፉን ገልጦ «ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው» አለ። ሥዕሉ ላይ ክብ አሸዋ አለ፣ ከመሃሉ አንድ ዘንባባ ቆሟል፣ ሌላ ምንም የለም። አክስቴ እጇን አወጣች።

«ሰዎቹስ?»

«የምን ሰዎች?»

«እናቴ፣ አባቴ፣ ጎረቤቶቻችን...»

«አንቺ ታዲያ ከዘንባባው ላይ ወርደሽ ነው የመጣሽው?» አለ መምህሩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ «ዘንባባ» እያሉ ጠሯት። ሐይቃችን ውስጥ ባለ የትኛውም ደሴት ላይ ዘንባባ በቅሎ አያውቅም።

ያ ንዴት ከእሷ ጋር አደገ፤ ከእሷ ጋር ተማረ፤ ከእሷ ጋር ዲፕሎማ ያዘ። መምህርት ሆና ስትመጣም አብሯት ክፍል ገባ።

ከአራተኛ ክፍል ጀርባ ድሮ ልብስ ይታጠብበት የነበረ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። በየዓመቱ የደሴት ትምህርት ሲደርስ ልጆቹ ከየቤታቸው በጀሪካን ውሃ ያመጣሉ፣ ጭቃ ያቦካሉ፣ ከገንዳው መሃል ደሴት ያቆማሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሕይወት ይይዛል። አንዱ ሽመላ ይሆናል፣ አንዷ ዔሊ፣ አንዷ አዋላጅ፣ አንዱ ታንኳ ሠሪ። ጉማሬ የሚሆነው ሁልጊዜ ከሁሉም ከሲታው ልጅ ነው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ምን ይበላል? የት ያድራል? ከማን ይሸሻል? ውሃው ሲሞላ ወዴት ይሄዳል? ልጆቹ ይህን ለማወቅ ዘመድ አዝማዱን፣ አዛውንቱን፣ ዓሣ ሻጩን ሁሉ ሲያደክሙ ይከርማሉ። አክስቴ ራሷ ውሃውን ትይዛለች። «እኔ ውሃው ነኝ፤ ውሃ ብዙ አያወራም» ትላለች።

የደሴቱ ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ ሳይጠይቁ መንካት የለም። አንድ ነገር ሊቀይር የፈለገ ልጅ በደሴቱ ላይ የሚኖረውን ሁሉ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ አንዱ ከወደቡ ወደ ኮረብታው መንገድ ላውጣ ብሎ አርጃኖ፣ ማለትም የውሃ ዳሩን ትልቅ እንሽላሊት፣ የሆነችውን ልጅ ሲጠይቅ አጠገባቸው ነበርኩ።

«መንገድህ እንቁላሌ ላይ ነው የሚያልፈው» አለችው።

«እሱን ዞር አድርጊዋ!»

«እንቁላል አይዞርም። መንገድህን አዙረው!»

ቀናት ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ መንገዱ ዞረ። እኔ አፌን ከፍቼ ነው የሰማኋቸው። ሰው የሚኖርበትን መሬት ከመንካት በፊት መጠየቅ ይህን ያህል ቀላል ነገር ከሆነ፣ ትልልቆቹ ለምን ያቅታቸዋል?

ዘንድሮ አርጃኖ የሆነው አፉ የማያርፍ ልጅ ነበር። ዓሣ አጥማጇ ደግሞ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ከአያቷ ጋር ተቀምጣ ከደረቅ ሸምበቆ ጣት የምታህል ታንኳ ሠራች፣ በክር አሰረቻት፣ ከጭቃው ዳርቻ አስጠጋቻት። ውሃው ውስጥ ማንም ያልጠራቸው እንቁራሪቶች እንቁላል ጣሉ። ጭራ ያላቸው ጥቃቅን ልጆቻቸው ሲርመሰመሱ ክፍሉ በሙሉ ገንዳው ላይ ተደፍቶ አየ።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ወጣት ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ሰኞ ዕለት ከበላይ ጽሕፈት ቤት እንግዶች ሊመጡ ነበርና፣ ቅዳሜና እሁድን ግቢውን ሲያስጠርግ፣ አጥሩን ሲያስቀባ ዋለ። ለእይታ የሚሆን ሸምበቆ ቆርጬ ለአክስቴ ላመጣ ቃል ስለገባሁ፣ ሰኞ ጠዋት አብሬያት ወደ ገንዳው ሄድኩ።

ደሴቱ ሲሚንቶ ሆኗል።

ጭቃው ላይ ተለስኖበት፣ ጎኑ ተስተካክሎ፣ አናቱ አረንጓዴ ተቀብቷል። ውሃው የለም፤ የገንዳው ወለል ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። የልጆቹ ቤቶች፣ ወደቡ፣ የዞረው መንገድ፣ አንዱም የለም። ከመሃል ላይ፣ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ጥግ የማውቀው የፕላስቲክ ዘንባባ ቆሟል።

አክስቴ ዘንባባውን አየችው። እኔ እሷን አየሁ፣ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ አልኩ።

«ሰርፕራይዝ ነው ቲቸር!» አለ ዳይሬክተሩ እጁን እያፋተገ። «በየዓመቱ በጭቃ ከሚለፉ ዘላቂ ይሁንልዎት ብዬ ነው። ለግንበኛው መጽሐፉን ገልጬ አሳየሁት። ይዩት፣ ልክ እንደ ሥዕሉ!»

«ውሃውስ?»

«አፈሰስነው። ይሄ ይሻላል፣ ትንኝ እንኳ አያመጣም።»

«እንቁራሪቶቹስ?»

ዳይሬክተሩ ባልዲውን ወደሚያጥበው ግንበኛ ዞረ። ግንበኛው አንገቱን ደፋ። «ከውሃው ጋር የሄዱ ይመስለኛል፣ እትዬ።»

«ቤቶቹስ? ሰዎቹስ?»

«ሥዕሉ ላይ ሰው የለማ!» አለ ዳይሬክተሩ፣ ከልቡ ተገርሞ።

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ክፋት ፈልጌ አጣሁ። ያናደደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ቢያንስ ሰዎቹ እንደነበሩ ያውቅ ነበር።

«አንተ እኮ» አለች አክስቴ፣ ድምፅዋ ወደ ታች እየወረደ፣ «እዚህ ገንዳ ውስጥ ሽመላ ነበርክ።»

«ምን አሉኝ?»

«ሽመላ። በአንድ እግሬ ካልቆምኩ ብለህ ውሃው ውስጥ የወደቅክ። መረብ ጎጆዬ አጠገብ አይጣል ብለህ ያለቀስክ። ያን ጊዜ ጠይቀውህ ነበር። እምቢ አልክ፣ መረቡም ተነሣ።»

የዳይሬክተሩ ጆሮ ቀላ። «ቲቸር፣ ያ የልጅ ጨዋታ ነው። ዛሬ እንግዶች አሉብን። ትምህርቱን እዚሁ፣ በመጽሐፉ መሠረት ይስጡልኝ። ሌላ ነገር ከተናገሩ ግን...» ሸሚዙን አስተካከለ። «የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጡረታ ወጥታለች። ቁልፉን የሚይዝ ሰው እየፈለግን ነው።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። አንድ ቃል ከተናገረች ክፍሏን፣ ልጆቿን፣ ገንዳዋን ታጣለች። ዝም ካለች ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ውስጥ ደሴት ማለት ዘንባባ ነው።

እንግዶቹ መጡ። ልጆቹ በገንዳው ዙሪያ ቆመው ሰማያዊውን ቀለም አፍጥጠው ያያሉ። ዳይሬክተሩ በእንጨት እየጠቆመ ስለ ዘላቂነት ተናገረ። አክስቴ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ቆመች። ያን ጊዜ አፉ የማያርፈው ልጅ እጁን አወጣ።

«ማንን ጠይቃችሁ ነው?»

«ምን አልክ ልጄ?» አለ አንደኛው እንግዳ ጎንበስ ብሎ።

«እኔ አርጃኖ ነኝ። እዚያ፣ ከቀለሙ ሥር ነበር የምኖረው። ማንም አልጠየቀኝም።»

«እኔንም!» አለች ዔሊዋ።

«እኔ ቤቴ ውስጥ ነፍሰ ጡር ነበረችኝ!» አለች አዋላጇ። «የት ወሰዳችኋት?»

ከሲታው ጉማሬ ማልቀስ ጀመረ።

«ቲቸር» አለ ዳይሬክተሩ በጥርሱ መሃል፣ «ልጆቹን ዝም ያሰኙልኝ።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። አክስቴ የተናገረችው በጣም ቀስ ብላ ስለነበር እንግዶቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«እኔ ውሃው ነኝ» አለች። «እኔንም አልጠየቅከኝም።»

አንዱ እንግዳ አሳለ። ሌላው «ደስ የሚሉ ልጆች ናቸው» አለ፣ ሰዓቱንም አየ። ዳይሬክተሩ እየተጣደፈ ለሻይ ይዟቸው ሄደ።

አክስቴ የግንበኛውን መዶሻ አነሣች።

«እትዬ፣» አለ ግንበኛው፣ «ገና አልጠነከረም። ይህን ያህል ጉልበት አይፈልግም።»

«እኔ እፈልጋለሁ» አለችው።

መዶሻውን ከራሷ በላይ አንሥታ፣ ከዚያ እንደ ምንም አቆመችው። ሕግ አለ። «ይሰበር?» ብላ ጠየቀች።

«ይሰበር!» አለ አርጃኖው። «ይሰበር!» አለች ዔሊዋ፣ አዋላጇ፣ ታንኳ ሠሪው። ከሲታው ጉማሬም አፍንጫውን እየጠረገ «ድቅቅ ተደርጎ ይሰበር!» አለ።

«አይሰበር» አለች ዓሣ አጥማጇ።

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። «ታንኳዬ ከሥሩ ናት። ዳር ላይ ነበረች። ከመቱት ትደቃለች።»

ያ ሁሉ ዓመት ያደገ ንዴት መዶሻው ጫፍ ላይ ተሰብስቧል፤ ከፊቷ ዘንባባው ቆሟል፤ አንዲት ልጅ ደግሞ አይሆንም ብላለች። የአክስቴ ክንድ ልውረድ አልውረድ እያለ ቆየ። ወረደ፤ ግን በቀስታ። መዶሻውን ሣሩ ላይ አስቀምጣ ተንበረከከች።

«የት ጋ ናት? አሳዪኝ።»

በማስመሪያ፣ በጥፍር፣ ግንበኛው ባዋሰን መሮ መፋቅ ጀመርን። ግንበኛው ራሱ «እዚህ ጋ ስስ ነው» እያለ ይጠቁመን ነበር። ዳይሬክተሩ ሲመለስ አገኘን። «ምን እየሠራችሁ ነው? ቲቸር! እየሰሙኝ ነው?» ብሎ ጮኸ። ቀና ብሎ ያየው የለም። ዓሣ አጥማጇ በሁለት ጣቷ ታንኳዋን ሳበች። አንዱ ጎኗ በሲሚንቶ ግራጫ ሆኗል፣ አፍንጫዋ ተቆርጧል። ልጅቷ አገላብጣ አየቻት፣ እፍ ብላ አቧራውን አራገፈች፣ ከዚያ አክስቴን አየቻት።

«አሁን ይሰበር» አለች።

አክስቴ መታች። መጀመሪያ የመታችው ዘንባባውን ነው።

በማግሥቱ ቁልፉ ተሰጣት። አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከትንሿ ጠረጴዛ ኋላ ትቀመጣለች፤ ገንዳው ላይ የአበባ ማሰሮ ተደርድሯል፤ የአራተኛ ክፍል ልጆች ደሴትን ከመጽሐፉ ይማራሉ። ንዴቷ ይበርድላት ይሆን ብዬ ብጠይቃት «ለምን ይበርዳል? ምን ተስተካከለና?» አለችኝ።

ጠረጴዛዋ ላይ አፍንጫዋ የተቆረጠ ታንኳ ተቀምጣለች። ዓሣ አጥማጇ ናት አምጥታ ያስቀመጠቻት። በእረፍት ሰዓት ልጆች እየመጡ «እንያዛት?» ይላሉ፤ አክስቴም «የእኔ አይደለችም፣ ባለቤቷን ጠይቁ» ትላቸዋለች፤ ሮጠው ይሄዳሉ፣ ጠይቀው ይመለሳሉ። በቀደም ዳይሬክተሩ አንድ መጽሐፍ ሊወስድ ገብቶ፣ ክርኑን አሳርፎ የሚፈርምበት ቦታ ሲያጣ ታንኳዋን ገፋ ሊያደርጋት እጁን ዘረጋ።

«ጠየቅክ?» አለችው አክስቴ፣ በዚያ ዝቅተኛ ድምፅዋ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሰበሰበውና፣ እንደ ቆመ ለመጽሐፉ ፈርሞ ወጣ።