ስኳር የተጠቀለለበት ካርድ

ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈራችን እየኖረ ከሙክታር ሱቅ ስኳር የማይገዛ ሰው ቢኖር ከሰፈሩ ጋር የተጣላ ብቻ ነው። ሙክታር የስልጤ ልጅ ነው፤ አጎቱ ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒ ሥር እየተኛ አድጎ ሱቁን የወረሰ። ሚዛኑ አያጭበረብርም፣ ምላሱ ግን ሰው አይምርም። እኔን "መርሃዊት፣ አንቺ እኮ ስኳር የምትገዢው ለሻይ አይደለም፣ ንዴትሽን ለማጣፈጥ ነው" ይለኛል። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቅም ነበር። ያኔ ፌስታል እንደ ዛሬ አልረከሰም፤ ስኳሩም ምስሩም የሚጠቀለለው መሥሪያ ቤቶች በሚጥሉት አሮጌ ወረቀት ነው። ደጋጋ የሚባል ቆራሌ በኪሎ ያመጣለታል፤ ሙክታር በቢላ አራት ቦታ ይቆርጠዋል፣ ጽሑፉን ወደ ውጭ አድርጎ ይጠቀልልበታል። አያነበውም። ማንበብ አቅቶት አይደለም፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። ልጅ ሳለ ከመጠቅለያው ላይ የአንዲት ጎረቤት የፍቺ ክስ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ ሴትየዋ በሐፍረት ሰፈር ለቅቃ ሄደች። አጎቱ "ባለሱቅ የሰው ገመና አያይም" ብለው አስማሉት። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሲቆርጥ ዓይኑ ቢላው ላይ ብቻ ነው። እኔም በዚህ ጠባዩ ሳከብረው ኖርኩ።

በ1990 ክረምት ልጁን ሰብሪናን ትኩሳት ያዛት። አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሳምራ አዝላ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ መርፌ ታዘዘላትና ለሳምንት ያህል ተወጋች። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ እኛም ተመስገን አልን። አንድ ቀን ጠዋት የሚዛን ብረት ከሙክታር እጅ አምልጦ ቆርቆሮ ላይ ወደቀ። እኔ ደንግጬ ዘለልኩ። ሰብሪና ከኋላው ቁጭ ብላ የብስኩት ካርቶን ትቀድድ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። ሙክታር ብረቱን አንስቶ ሆን ብሎ ጣለው። አሁንም አንስቶ ጣለው። ያኔ ፊቱን አየሁት፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

እሷ ብቻ አልነበረችም። ከባምቢስ እስከ ኡራኤል፣ በዚያ ክረምት እዚያው ጤና ጣቢያ የተወጉ ሕፃናት አንድ በአንድ መስማት አቆሙ። ለአዋቂ የሚሰጠውን መጠን ለልጆች ወግተዋል የሚል ወሬ ወጣ። ጤና ጣቢያው ግን "ያደነቆራቸው በሽታው ነው፤ ወላጆች አዘግይተው ስላመጧቸው ነው" አለ። ሳምራን አስቧት እስቲ! አማቷ ሳይቀሩ "ልጇን ያስበላች" አሏት። ሙክታር የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ሚስቱ እንዳላጠፋች የሚመሰክርላት። መስካሪው ደግሞ የልጅቱ ካርድ ነው፤ መድኃኒቱም መጠኑም የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመና "ካርድ ያልቀረበበት አቤቱታ አይታይም" አለ። ሙክታር ሱቁን እየዘጋ ካርድ ክፍሉ መስኮት ሥር መቆም ጀመረ። "እየተፈለገ ነው" ይሉታል። በሄደ ቁጥር እየተፈለገ ነው።

እኔ ካዛንቺስ ኬክ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ከሙክታር ግማሽ ኪሎ ስኳር ገዝቼ ገባሁ። ስኳሩን ጣሳ ውስጥ ገልብጬ ወረቀቱን ልጥለው ስል የጤና ጣቢያው ማኅተም ዓይኔ ውስጥ ገባ። የሕፃን ስም አለው፣ ዕድሜ አለው፣ "ትኩሳት" ይላል። ቀኑ የዚያው ክረምት ነው። ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

"ሙክታር! ይሄን ከየት አመጣኸው?"

"ወረቀቱን? ደጋጋ ነዋ የሚያመጣልኝ። ማለቴ... ምን ሆነሻል አንቺ?"

"አንብበው!"

"እንደማላነብ ታውቂ የለም እንዴ?"

"አንብበው አልኩህ!"

አነበበው። እጁ ላይ የነበረው ምስር ባንኮኒው ላይ ተዘረገፈ። ከሥር ያለውን ክምር ጎትቶ አወጣው፤ የቀረው ሁሉ ካርድ ነው፣ ሁሉም አራት ቦታ ተቆርጧል።

"ያ አላህ! በገዛ እጄ!" እያለ ቁርጥራጩን መገጣጠም ጀመረ። የሌሎች ሰዎች ልጆች ካርድ ነው፤ አንዱም ሙሉ ሆኖ አልገጠመም። የሰብሪና የለም።

ደጋጋን አስጠራነው። "እዚያው ጤና ጣቢያ ግቢ ነው የገዛሁት፣ አንተ ትሙት" አለ። "ዕቃ ክፍሉ ይጽዳ ተብሏል፣ ቶሎ አንሳልን አሉኝ። ዘበኛው ራሱ ነው ያሸከመኝ።"

እየተፈለገ ነው ሲሉት የከረሙትን ካርድ ለካ በኪሎ ሸጠውታል። ሸጠውታል!

ሙክታር ቤት ለቤት ዞረ፤ የሸጠበትን ወረቀት እየለመነ። "ውይ ሙክታርዬ፣ ከሰል አያያዝኩበት እኮ" ይሉታል። ምን ያድርጉ፣ በምን ያውቃሉ! ወይዘሮ ብርነሽ ግን የበርበሬ ጣሳቸውን ክዳን ያጠበቁበትን ቁራጭ አውጥተው ሰጡት። "ሰብሪና ሙክታር፣ ዕድሜ 4" ይላል። የላይኛው ሩብ ነው። መድኃኒቱና መጠኑ የሰፈረበት የታችኛው በማን ምድጃ እንደነደደ አልታወቀም።

ሙክታር ያቺን ቁራጭ በመሐረብ ጠቅልሎ፣ የሌሎቹን ልጆች ቁርጥራጭም ይዞ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። እኔና ሳምራም አብረነው ገባን። ሰብሳቢው ቁራጩን ከፍ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ዳበሱት።

"ይህንን የቆረጠው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ። ካርድ መሆኑን አላወቅሁም። ጤና ጣቢያው ነው የሸጠው።"

"ሌሎቹንስ?"

"እኔው ነኝ።"

"ጤና ጣቢያው ለመሸጡ ደረሰኝ አለህ?"

"ቆራሌ ደረሰኝ ሲሰጥ የት አይተው ያውቃሉ?" ብዬ ጮህኩ። ዘበኛ ጠርተው አስወጡኝ። በሩ ስላልተዘጋ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ሲያነብ ሰማሁት። አቶ ሙክታር ጅብሪል የተባለው ነጋዴ የመንግሥት ሰነዶችን ቆራርጦ ማጥፋቱን በራሱ አንደበት አምኗል፤ አቤቱታውም ማስረጃ ስለሌለው ተዘግቷል። ሳምራ "ምን አሉ? ምን አሉ?" እያለች ባሏን ትጎትተዋለች።

በዚያ ክረምት ስለተወጉት ልጆች አንድም ሐኪም፣ አንድም ሹም አልተጠየቀም። ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ የጣት አሻራ የሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሰብሪና አባት ነው።