ጸናጽሉ ዝም ያለብኝ ቀን

ከንፋስ መውጫ ደብረ ታቦር በሚኒባስ ስመላለስ ስምንት ዓመቴ ነው። መኪናዬ ከመታየቷ በፊት ትሰማ ነበር። ከወንበር ሥር አምፕሊፋየር፣ ከኋላ ዉፈር አስገጥሜ፣ ሁለት ስፒከሮች ደግሞ ከግራ ጆሮዬ አንድ ስንዝር በማይርቅ ቦታ አሰቅዬ ነበር። የምነዳው መስኮት ከፍቼ ነው፤ ነፋሱ ዘፈኑን ሲውጥብኝ መስኮቱን በመዝጋት ፈንታ ድምፁን እጨምራለሁ። አሮጊቶቹ «ኧረ በማርያም ቀንስልን!» ሲሉኝ «እማማ፣ መኪና ያለ ሙዚቃ ዳገት አይወጣም» እላቸዋለሁ። ሞኝ ነበርኩ።

ልጅነቴን ያሳለፍኩት ቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ዜማ ስማር ነው። ትምህርቱን ባልጨርሰውም በንግሥ ቀን ከደብተራዎቹ ተርታ ቆሜ መውረብ አልተውኩም። በሕይወቴ የምኮራበት ቦታ ቢኖር ያ ነው።

ባለፈው ዓመት ንግሥ ታቦቱ ወጥቶ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ብላ፣ በሁለት ረድፍ ቆምን። ከበሮው ደረቴን ይመታኛል። የሰዉንም ዜማ እሰማለሁ። በግራዬ የቆመው የድሮ የትምህርት ጓደኛዬ እጅ ይወዛወዛል፤ ጸናጽሉ ግን ድምፅ የለውም። ተናደድኩ። ወረቡ እንዳበቃ «ቀለበቱ የወለቀ ጸናጽል ይዘህ ትወጣለህ? በበዓል ቀን!» አልኩት። መጮሄን ያወቅኩት ሕዝቡ ሲዞር ነው።

እሱ ጸናጽሉን ግራ ጆሮዬ ሥር አምጥቶ ነቀነቀው። ቀለበቶቹ ሲጋጩ በዓይኔ አያለሁ። ምንም! ወደ ቀኝ ሲያዞረው ከወንዝ ማዶ የመጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

«ዛሬ ነው እንዴ ያወቅኸው?» አለኝ። «ተሳፋሪው ሁሉ ደንቆሮው ሹፌር እያለ አይደል የሚጠራህ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እንዴት አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም? ነግረውኝ ነበር ለካ፤ አሮጊቶቹ በየቀኑ ነግረውኛል።

ሐኪሙ «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ጠብቅ» አለኝ። ከሐኪሙ ወጥቼ በቀጥታ ቴፕ ሠሪው ዘንድ ሄድኩና «ሁሉንም ንቀልልኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። ስፒከሮቹን ከጆሮዬ አርቆ ወደ በሮቹ ግርጌ አወረዳቸው፣ ዙሪያቸውን በስፖንጅ ደፈነ፣ ከልክ በላይ የተከፈተውን አምፕሊፋየር ወደ ልኩ መለሰ፣ መስኮቱን ዘጋ። ድምፁን ወደ ድሮው ሩብ ቀንሶ ሲከፍተው የዘፋኙ ቃል አንድ በአንድ ተሰማኝ። ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ግማሽ ቀን! መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዘንድሮ ለንግሥ ስንሰለፍ ጓደኛዬ ክንዴን ይዞ ከረድፉ ግራ ጫፍ አቆመኝ፤ ሰዉ ሁሉ በቀኜ እንዲሆን። ወረቡ ተጀመረ። እኔም እንደ ጀማሪ ተማሪ ዓይኔን ከሰው እጅ ላይ ሳልነቅል ወረብኩ።