ሁለት ቀይ ፓኮ

በደርግ ዘመን ጂንካ በመንግሥት ሱቅ ሻጭ ነበርኩ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ ዕቃ የሚጠሩት በሥዕሉ ነው። የዱቄት ሳሙናው ሰማያዊ ፓኮ ላይ እርግብ ስለነበረች «እርግቧን ስጪኝ» ይላሉ። የነቀዝ መድኃኒቱ ቢጫ ነው፤ ጊንጥ ተስሎበታል፤ እሱን «ጊንጡ» ይሉታል። ከአሪ መንደሮች የሚመጣውም ከበና የሚወርደውም፣ አማርኛው ባይሞላለት እንኳ እነዚህን ሁለት ቃላት አይስትም። ሁለቱ ዕቃዎች የአንድ ድርጅት ናቸው ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። እኔም አላሰብኩም።

አንድ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ የጭነት መኪናው ይዞት የመጣው ሁሉ ቀይ ሆነ። ሳሙናው ቀይ፣ የነቀዝ መድኃኒቱ ቀይ፣ የጫማ ቀለሙም ቀይ። መሀል ላይ የኮርፖሬሽኑ ዓርማ በትልቁ አለ፤ የዕቃው ስም ከሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ሥራ አስኪያጃችን ሰብስቦ አስረዳን። እርግቧንም ጊንጡንም ያወጧቸው የድሮዎቹ ባለፋብሪካዎች ናቸው፤ አሁን ፋብሪካዎቹ በአንድ ኮርፖሬሽን ሥር ስለገቡ መልካቸውም አንድ ይሁን ተብሏል፤ አንዱን ምርት ያመነ ሌላውንም አምኖ ይገዛል አለን። እውነቱን ለመናገር መደርደሪያው አምሮ ነበር። ቆሜ አየሁትና ደስ አለኝ።

ከደንበኞቼ አንዷ ገበያ ጎደሬ ሸጣ ስትመለስ ጎራ የምትል አሪ ሴት ነበረች። በቤተ ክርስቲያናቸው ትዘምራለች፤ ልጆቿንም እሷንም ቆሽሸው አይቼ አላውቅም። ሳሙናውን ገዛች። ባሏ ደግሞ ለበቆሎ ጎተራው የነቀዙን መድኃኒት ሌላ ቀን መጥቶ ወሰደ። ሁለቱም የገዙት የፈለጉትን ነው። ሁለቱ ቀይ ፓኮዎች ቤት ውስጥ አንድ ቦታ ተቀመጡ።

እሑድ ጠዋት ከጤና ጣቢያው ሰው መጥቶ ጠራኝ። ስደርስ የሴትዮዋ ትንሽ ልጅ አልጋ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ከአፏ ለሀጭ ይወርዳል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሰውነቷን በውኃ ደጋግሞ እያጠበ ነው። እናትየው ለቤተ ክርስቲያን ልታዘጋጃት ፀጉሯን አጥባላት ነበር። አባትየው ከቤት ይዞት የመጣው ቀይ ፓኮ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ሳየው መጀመሪያ የመጣልኝ፣ ሳሙና እንዲህ ያደርጋል እንዴ የሚል ነው። አንስቼ ከሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩ፤ የነቀዝ መድኃኒት ይላል። እኔ ማንበብ የምችለዋ፣ ዕለት ተዕለት የምሸጠዋ እንኳ ተሳሳትኩ።

እናትየው ቀና ብላ አየችኝ። በድምጿ ቁጣ የለም።

«ቀዩን ነው የሰጠሽኝ» አለች። «እኔም ቀዩን ነው ያነሣሁት።»

ድሬሰሩ ልጅቷን መርፌ ወጋት፤ ከሰዓት በኋላ መንቀጥቀጧ ቀነሰ፤ ሲመሻሽ ውኃ ጠየቀች። ተረፈች።

በማግሥቱ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ፓኮውን አገላብጦ አየና የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። በሬዲዮ መልእክት ወደ ላይ አስተላለፈ። የመጣለት መልስ፣ ሕዝቡ መሠረተ ትምህርት እየተማረ ስለሆነ እያነበበ እንዲገዛ ይመከር፣ ማሸጊያው ግን እንዳይነካ የሚል ነበር። መልሱን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየም።

ከዚያ ዕቃ ይዘን ሐመር አገር፣ ዲመካ ወረድን። የዚያው ሱቅ ሻጭ የነቀዝ መድኃኒቱ ፓኮዎች ላይ አንድ በአንድ የግራር እሾህ ሰክቷል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ አንድ ሐመር ሳሙና መስሎት በዚያ ዱቄት የፍየሎቹን መጠጫ ገንዳ አጥቦ ግልገሎቹ እንዳለቁበት ነገረኝ። ስለእኛዋ ልጅ ምንም አልሰማም። እስከዚያ ድረስ የደረሰው በአንድ ቤት ብቻ፣ በጂንካ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መኪናው ያልደረሰበት አገር አለ እንዴ?

ተመልሰን እኛም እሾህ ሰካን። ሰዉ ወዲያው «እሾሃሙ» ብሎ ጠራው። በኋላ ከኮርፖሬሽኑ ተቆጣጣሪ መጥቶ መደርደሪያውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ የድርጅቱን ገጽታ አበላሽታችኋል፣ አሁኑኑ ይነቀል አለ። ሥራ አስኪያጃችን ደንጋጣ ሰው ነው፤ ስብሰባ ላይ እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«እሾሁ ከተነቀለ ዕቃውን አልሸጥም፣ ጓድ» አለው።

ተቆጣጣሪው ወጥቶ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጃችን ከጂንካ ተዛወረ፤ ወዴትና ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። በሚቀጥለው ዓመት የነቀዝ መድኃኒቱ ቢጫ ሆኖ መጣ። ሥዕል ግን የለውም፤ ስለለውጡም ማብራሪያ የሰጠን አልነበረም።

ያቺ ሴት ሱቁን አልተወችም። ጨውና ክብሪት ትገዛለች፤ ልብሷን የምታጥበው ግን በእንዶድ ሆኗል። አንድ ቅዳሜ ልጇን አስከትላ መጣች። ልጅቷ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ቀይ የሳሙና ፓኮ እጇን ስትዘረጋ እናትየው የልጅቷን እጅ ይዛ ከእኔ ጋር የጀመረችውን ጨዋታ ቀጠለች።