አባቴ ጋላክሲ ሲተረጉም

አባቴ በሳምንቱ ቀናት እዚህ አሜሪካ፣ ጋሃና በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ መኪናቸውን አቁመው የሚበሩ መንገደኞችን በሻትል አውቶቡስ ያመላልሳል። እሁድ እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን አስተርጓሚ ነው። ፓስተሩ በአማርኛ ሲሰብክ ጎኑ ቆሞ እዚህ ለተወለዱት ልጆች ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ፓስተሩ ሲጮህ ይጮሃል፤ ፓስተሩ እንባ ሲተናነቀው የሱም ድምፅ ይሰባበራል። አንዳንዴ እንዲያውም ስብከቱ ከአባቴ አፍ ሲወጣ ይበልጥ ያምራል፤ ይህን ግን ፓስተሩ ፊት አንልም።

እኔ የማጠናው ጋላክሲዎችን ነው። መጀመሪያ ነርሲንግ ነበርኩ፤ ትቼው አስትሮኖሚ ስገባ አባቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰው “ልጅህ ምን ትሠራለች?” ሲለው “ኮምፒውተር ላይ ናት” ብሎ ወሬ ይለውጣል። ውሸት አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። ግን ያንገበግበኝ ነበር። ከማንም በላይ እሱ ሥራዬን እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር።

ባለፈው ዓመት ፓስተሩ “ከአምልኮ በኋላ የምታጠኚያቸውን የሰማይ ፎቶዎች ሼር አድርጊልን” አለኝ። አማርኛዬ ለቤት ይበቃል፤ መድረክ ላይ ግን ይከዳኛል። ስለዚህ እኔ በእንግሊዝኛ ልናገር፣ አባቴ ሊተረጉም ተስማማን።

አንድ የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳው ምስል ግድግዳው ላይ ሲበራ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ነጠብጣቦቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ጋላክሲዎች እንደሆኑ፣ የደበዘዙት ቀያዮች ብርሃን ከአሥራ ሦስት ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዞ እንደደረሰን ተናገርኩ። አባቴ “ቢሊዮን” ላይ ሲደርስ ፓስተሩን በጎን አየት አድርጎ ተረጎመው። ብርሃኑ በመንገዱ ተለጥጦ ዓይናችን ወደማያየው ኢንፍራሬድ እንደሚለወጥ፣ አብዛኛውን አየሩ ስለሚያስቀርብን ቴሌስኮፑ ጠፈር ላይ መሆን እንዳለበትም ነገርኳቸው። ይህንንም አሳምሮ ተረጎመው።

ከዚያ ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። የመጀመሪያዎቹ ጋላክሲዎች ትንንሽና ደብዛዛ ይሆናሉ ብለን ነበር፤ ቴሌስኮፑ ያገኛቸው ብዙዎቹ ግን ከጠበቅነው በላይ ደማቆች ናቸው። “እንዴት ቶሎ እንደዚህ እንደሆኑ ገና አናውቅም፤ ግምታችን ጎዶሎ ነበር” አልኩ በእንግሊዝኛ።

አባቴ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ “ሳይንቲስቶቹ ሁሉንም ደርሰውበታል፤ ልጄም አብራ ደርሳበታለች!” አለ።

ሰው አጨበጨበ። እኔ ወዲያው ገባኝ። ነርሲንግ ትቼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ፣ በሰው ፊት “አናውቅም” ማለቴ ውርደት መስሎት ሊሸፍነኝ ነው። ማይኩ እጄ ላይ እንዳለ “አባዬ፣ እንደሱ አላልኩም” አልኩት በአማርኛ። “አናውቅም ነው ያልኩት። ደስ የሚለኝም እሱ ነው። ሁሉ ነገር ታውቆ ቢያልቅ እኔን ማን ይፈልገኝ ነበር?”

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት ትልቅ ሴት “ልጅቷ ያለችውን ብቻ ተርጉም እንጂ!” ብለው ገሠጹት። አባቴ አቀረቀረ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልጨመረም፣ አንድም አልቀነሰም።

ወደ ቤት ስንመለስ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። በሰው ፊት ስላረምኩት ተቀይሞኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ደጃችን ላይ ፓርክ አድርጎ ሞተሩን አጠፋ፤ ግን አልወረደም።

“እዚያ የሰማሁት ለመተርጎም ነው” አለ። “እስቲ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። አሁን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ።”

በተሰባበረው አማርኛዬ ነገርኩት። ቃል ሲጠፋኝ ያቀብለኛል፣ ሳይቸኩል። ያንን ትዕግሥቱን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ፤ የትኛውም መምህሬ እንደዚያ አላዳመጠኝም።

“እና ለምንድነው እንደዚያ የደመቁት?” አለኝ።

“አናውቅም፣ አባዬ።”

ራሱን ነቀነቀ። “እሺ። አንቺ ግን ምን ይመስልሻል?”