የጅብ ጥላ ስስል የያዘኝ የወፍ በሽታ

መጀመሪያ የከበደኝ እርሳሱ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር ባለ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ተቀምጬ አንዲት እንጉዳይ እየሣልሁ ነበር። የባርኔጣዋን ጠርዝ ጀምሬ ግማሹ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አላመመኝም። አልተንቀጠቀጠም። እርሳሱን የሚያነሣ ጉልበት ብቻ ጠፋኝ። ዝናብ መጣ፤ ተነሥቼ መጠለል እንኳ ታከተኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። በከተማው ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ሳይንስ አስተምር ነበር። የመማሪያ መጽሐፋችን ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ፣ ውስጡ ያሉት ዕፀዋት ተማሪዎቼ አይተዋቸው የማያውቁ ነበሩ። ስለዚህ ያገራችንን እየሣልሁ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለመስቀል አሰብሁ። አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ የውሃ ቀለም ሳጥንና ሁለት ብሩሽ ትቶልኝ ነበር። ከእንጉዳይ ጀመርሁ፤ ምክንያቱም እንጉዳይ ክረምቱ ሲያልቅ ብቅ ብሎ ወዲያው ይበሰብሳል፤ ሰው ካልፈጠነ አያገኘውም። ያገሬው ሰው የጅብ ጥላ ይለዋል። አይበላውም፤ በእጁ መንካትም ይጸየፋል። ሰፈሩ «የጅብ ጥላ የሚስለው መምህር» ብሎ ሲጠራኝ እስቅ ነበር።

ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን። ባለቤቴ ጥሩአየሁ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እናቷ ወይዘሮ እማዋይሽ ሊያርሷት ከቁይ ገጠር አስቀድመው መጥተዋል።

ከጫካው በተመለስሁ ሰሞን ቅቤ ሲነጠር ሽታው አስመለሰኝ። ሲጋራ አጨስ ነበር፤ ሲጋራውም አስጠላኝ። መገጣጠሚያዬን ቆረጠመኝ። ቀጥሎ ሽንቴ እንደ ጠላ ጠቆረ። ብርድ ነው ብዬ ተኛሁ። አንድ ማለዳ ጥሩአየሁ ውሃ ልታስታጥበኝ ጎንበስ ስትል ፊቴን አየችና ማሰሮውን አስቀመጠች።

«አንተ፣ ዓይንህ ምን ሆነ?» አለችኝ።

መስተዋት አመጣችልኝ። ዓይኔ ቢጫ ነበር።

ወይዘሮ እማዋይሽ አንድ ጊዜ አይተውኝ ፈረዱ። «የወፍ በሽታ ነው። ያንን የጅብ ጥላ ስትነካ ከርመህ! ብሩሹንም በአፍህ ስታሾል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

እውነታቸውን ነው፤ የብሩሹን ጫፍ በከንፈሬ የማሾል ልማድ ነበረኝ። እሳቸው ሥዕሎቼንና የቀለም ሳጥኔን ሰብስበው ጓሮ ካለው የእንጨት መጋዘን ከተቱ። ለወፍ በሽታ ቅጠል የሚሰጥ ሰው እንደሚያውቁ፣ ቅጠሉ እንደሚያስተፋኝና መርዙ ሁሉ እንደሚወጣልኝ ነገሩኝ። እሺም እምቢም ለማለት አቅም አልነበረኝም። ጥሩአየሁ ግን «መጀመሪያ ሐኪም ቤት» አለች። ሦስታችንም ሄድን።

ሐኪሙ ወጣት ነበሩ፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። ወይዘሮ እማዋይሽ ስለ ጅብ ጥላው አስቀድመው ነገሯቸው። ከጎድኔ ሥር በስተቀኝ ሲጫኑኝ ጮህሁ።

«መምህር፣ እንጉዳይ በልተዋል?»

«አልበላሁም። ሣልሁት እንጂ።»

«በብሩሹ ገብቶበታል» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ።

ሐኪሙ አልሣቁም። «ብሩሹን የሚያጥቡበት ውሃ ከየት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ከሰፈራችን ምንጭ።»

«ቤት የምትጠጡትስ?»

«ከዚያው።»

ሐኪሙ የጥሩአየሁን ሆድ ተመለከቱ። «የእንጉዳይ መርዝ ቢሆን ይህን ያህል ጊዜ አይሰጥዎትም ነበር። ይህ ሄፓታይተስ ነው፤ የጉበት መቆጣት። በክረምት ጎርፍ ቆሻሻ ወደ ምንጭ ሲገባ በውሃ ይተላለፋል። ወደ ሰውነትዎ የገባው ከሳምንታት በፊት ነው። ለእርስዎ ዕረፍት ይበቃል። እኔን የሚያሳስቡኝ ባለቤትዎ ናቸው። በነፍሰ ጡር ላይ ይህ በሽታ ይከፋል።»

ትእዛዛቸው አጭር ነበር። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ጠላና አረቄ በአፍዎ እንዳይዞር። የሚያስተፋ ቅጠል አይውሰዱ፤ የታመመ ጉበት ላይ ሌላ ሸክም ነው። ማርና ስኳር ይውሰዱ፤ ይተኙ። የባለቤትዎን ዓይን በየቀኑ እዩ።

ቤት ስንደርስ ወይዘሮ እማዋይሽ አማተቡ። «እግዜር ያፈለቀውን ውሃ ሰው መልሶ ያፈላዋል?» አሉ። ጥሩአየሁ ሣቀችና ማሰሮውን ምድጃ ላይ ጣደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልፈላ ውሃ አልጠጣንም። ነገር ግን ዘግይተን ነበር፤ እሷም ክረምቱን በሙሉ የጠጣችው ያንኑ ውሃ ነው።

መስከረምን ተኝቼ አሳለፍሁ። ስለ ድካሙ ብናገር፣ ያልታመመ ሰው ስንፍና ይመስለዋል። ቁጭ ብሎ መነጋገር ያደክማል። መተኛትም ያደክማል። ጠያቂ ሲመጣ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ እመስል ነበር፤ «እግዜር ይማርህ» ለሚለኝ «አሜን» ማለት ተራራ መውጣት ሆኖብኝ። ወዳጆች ለመስቀል ጠላ ይዘው መጥተው አልጠጣም ስል ተቀየሙ። ጎኔን ያሳክከኛል፤ ማከክም ያደክማል። በዚያ ሁሉ መካከል ሐኪሙ እንዳሉት ጠዋት ጠዋት የጥሩአየሁን ዓይን አያለሁ።

አንድ ቀን ገንፎ ቀርቦ ቅቤው ሲሸታት ፊቷን አዞረች።

«የርጉዝ ነገር ነው» አሉ እናቷ። «እሷ እንደሁ የጅብ ጥላ አልነካች።»

በማግሥቱ ጠዋት በራፍ ላይ ተቀምጣ እናቷ ፀጉሯን ይሠሯት ነበር። ሰማዩ ጠርቷል። ቀና ስትል ዓይኗን አየሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። የውሃ ቀለም ሳጥን ውስጥ ነጭ የለም፤ ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው። ነጭ እንጉዳይ የሚስል ሰው የት ቦታ ወረቀቱን ሳይነካ መተው እንዳለበት ለማወቅ ብዙ ሰዓት አፍጥጦ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ነው ነጭ የመሰለው ሁሉ ነጭ እንዳልሆነ የሚገባው፤ አንዱ ወደ አመድ፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ አንዱ ወደ ገለባ ይሄዳል። እኔ ያን ክረምት ሌላ ሥራ አልነበረኝም። የጥሩአየሁ ዓይን ነጭ አልነበረም። በአንድ ኩባያ ሙሉ ውሃ ውስጥ አንዲት ጠብታ ቢጫ የገባችበት ያህል ነው።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አልሁ።

ወይዘሮ እማዋይሽ አገጯን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሯት። «ምንም የለባት። ቢጫው ያንተው ዓይን ነው። ይልቅ ጠበል ልውሰዳት፤ ያ ሐኪም ይዞ እንዳያስፈራራብኝ።»

ጥሩአየሁ እናቷን አላየችም። እኔን ነው ያየችኝ። «ይታይሃል?» አለች።

«ይታየኛል።»

ግማሽ የተሠራ ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና ተነሣች። «እማ፣ ጠበሉ አይቀርም። አሁን ግን ከሱ ጋር እሄዳለሁ።»

መራመድ ስላቃተኝ በጋሪ ሄድን። ሐኪሙ መስኮት አጠገብ አቁመው አዩዋት። ደም አስመረመሩ። «እውነትዎን ነው» አሉኝ። «አሁኑኑ ትተኛለች።»

ግሉኮስ በደም ሥሯ ሰቀሉላት። የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበረች። በሁለተኛው አስታወከች። ከዚያ ቢጫው ጎላ። ማንም ሰው ሊያየው የሚችል ሆነ።

ቀን እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ በወንድሟ ስም ጠራችኝ። ሐኪሙ «እጅሽን ዘርጊ» አሏት። ዘረጋች። እጇ ይርገበገባል። ሐኪሙ ወደ ነርሷ ዞረው፣ ጉበቷ ያላጣራው መርዝ አንጎሏ ደርሷል ብለው በእንግሊዝኛ ተናገሩ። እንግሊዝኛ እችል ነበር። ባልችል ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

ምጥ ያለ ጊዜው መጣ።

«ደሟ አይረጋም ይሆናል» አሉኝ። «ቫይታሚን ኬ እየወጋናት ነው። ከዚህ በላይ የምሰጠው የለኝም።»

ልጁ ተወለደ። ወንድ ነው። አለቀሰ፤ ሰማሁት። ከሰዓት በኋላ ማልቀሱን ተወ።

ክርስትና ስላልተነሣ ፍትሐት አልተደረገለትም። አንድ የሥራ ባልደረባዬና እኔ ቀበርነው። እሱ ቆፈረ። እኔ መቆም አልቻልሁም፤ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ስመለስ ወይዘሮ እማዋይሽ አልጋው አጠገብ ነበሩ። የስኳር ውሃ በማንኪያ ለልጃቸው ከንፈር ያደርሳሉ፤ ስትውጥ ሌላ ማንኪያ ይቀዳሉ። ያንን ሥራ ለማንም አልለቀቁም። አላናገሩኝም። ነርሷ ዳቦ አምጥታ እጄ ላይ አኖረችልኝ፤ «ይብሉ፤ ሁለት በሽተኛ ማንሣት አንችልም» አለችኝ። በላሁ።

ከቀናት በኋላ ጥሩአየሁ ዓይኗን ገልጣ በስሜ ጠራችኝ። ሐኪሙ ስሟን፣ ከተማውን፣ ወሩን ጠየቋት፤ መለሰች። ወደ በረንዳ አወጡኝና «ጉበቷ እየተመለሰ ነው። ማንም ሳያይባት አመጣችኋት፤ ከዚያ በኋላ ብትመጡ ምን እንደምልዎት አላውቅም» አሉ። ስለ ልጁ ግን ጥቂት እስክትበረታ እንዳንነግራት አሳሰቡ።

እሷ አልጠበቀችንም። «ወተቴ መጥቷል» አለችኝ። ብርድ ልብሷን አስተካከልሁላት። «ማን ሊጠባው ነው?» አለች። «እንደሆነው ንገረኝ።» ነገርኋት። ለቅሶ እንኳ ጉልበት ይፈልጋል፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ፈሰሰ እንጂ ድምፅ አልነበራትም።

ጥቅምት እያለቀ ወደ ቤት ተመለስን፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ ጉዞ ሳይሆን እንደ ረጅም ቀትር ነው የሚታወሰኝ፦ ሁለታችንም በደቡብ ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቅን፣ አንዳችን ውሃ ስንፈልግ ሌላው ለመነሣት የሚሆን ልብ እስኪያገኝ እየተያየን፣ ሰው ሲመጣ እየተነሣን፣ ሲሄድ መልሰን እየተጋደምን ሰነበትን። ሐኪሙ ለእኔ ተቀምጬ የሚሠራ ቀላል ሥራ ፈቅደውልኝ ነበር፤ ግን መጋዘን ድረስ ሄጄ ሳጥኑን ማምጣት አልፈለግሁም።

ያመጡልኝ ወይዘሮ እማዋይሽ ናቸው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አጠገቤ አስቀመጡ፤ ብፈታው ከደረቀ ግንድ ላይ የተነቀለች ቡናማ እንጉዳይ ናት። «ይኸውልህ» አሉ። «በእጄ አልነካኋትም፤ በእንጨት ነው ያነሣኋት።» ቀጥለው ሳጥኑን ከነአቧራው አወጡልኝ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

የዚያን ቀን ባርኔጣዋን ብቻ በእርሳስ አወጣሁና ደከመኝ። በማግሥቱ ከባርኔጣዋ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩትን ስስ ንጣፎች ጥቂቱን አሰመርሁ፤ እንጉዳይዋ ግን እኔን ሳትጠብቅ ትሟሽሽ ስለነበር ቀለሟ በየቀኑ ይለወጥብኝ ጀመር፤ ስለዚህ የጀመርሁትን ትቼ እንደምታረጅ እያየሁ በአንድ ወረቀት ላይ ደጋግሜ ሣልኋት፣ መጀመሪያ በቀጭን ቡናማ ውሃ፣ እሱ ሲደርቅ ሌላ ቀለም ደርቤ፣ ጠርዟ ሲጠቁር ሰማያዊ ጠብ አድርጌበት። ብሩሹን በጨርቅ አሾለው ነበር። ጥሩአየሁ አጠገቤ ተጋድማ ታያለች። «እዚህ ጋ አብዝተኸዋል፤ እንዲህ አልጠቆረችም» ትለኛለች፤ አይቼ እውነቷን ሳገኘው በእርጥብ ብሩሽ አነሣዋለሁ። ከሐዘናችን ሌላ የተነጋገርንበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር።

በዚያ ወቅት በሰፈራችን ሌሎችም ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ አንዳቸውም እንጉዳይ አልነኩም። ወይዘሮ እማዋይሽ በእድር ስብሰባ ላይ ተነሥተው «አማቼን የጣለው የጅብ ጥላ መስሎኝ ነበር። ልጄ ግን የጠጣችው ውሃ ነው» ብለው ተቀመጡ። ወንዶቹ ምንጩን አጠሩ፤ የጎርፉን መውረጃ በሌላ በኩል ቀደዱ፤ ለከብቱ ከታች ሌላ ማጠጫ አበጁ።

ጥሩአየሁ ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ደህና ናቸው። ለሐኪሙ፣ ዳቦ ላበላችኝ ነርስ፣ ለአማቴ ያለኝ ምስጋና በቃል አያልቅም።

ይህ በሽታ ቤታችሁ ከገባ፣ ምክንያቱን ገና ሳታውቁ አንድ ነገር ላይ አትፍረዱ፤ ትክክለኛውን እንዳታዩ ይጋርዳችኋል። ውሃ አፍሉ። የታማሚውን ዓይን በመብራት ሳይሆን በቀን ብርሃን እዩ። ነፍሰ ጡር ካለች ምልክት እስኪጎላ አትጠብቁ። ስትድኑም «ድኛለሁ» ብላችሁ ለሥራ አትሩጡ፤ ድካሙ ከቢጫው በኋላ ብዙ ይቆያል፣ ስንፍናም አይደለም። አስታማሚዎች፣ ምግብ ሲሰጧችሁ ብሉ።

ይህን ጽፌ ለጥሩአየሁ ሳነብላት አንድ ነገር ጨምር አለችኝ። ልጅ ለሞተባት ሴት «ሌላ ትወልጃለሽ» አትበሏት፤ ስሙን ጠይቋት። እኛን ማንም አልጠየቀንም። ሲያለቅስ በሰማሁት ጊዜ ያወጣሁለት ስም ነበረው።

ልጃችን ይበልጣል ይባላል።