ሽማግሌ ያላስታረቀው የባህር ሽፍታ

አባቴ ቢቸና ውስጥ የተጣላ ሁሉ የሚሄድበት ሽማግሌ ነው። ባልና ሚስት፣ በወሰን የተካሰሱ ጎረቤታሞች፣ በበግ ግዢ የተኳረፉ ዘመዳሞች በእሱ እጅ ታርቀዋል። ራሱ ሲያኮርፍ ግን የሚችለው የለም። በዚህ ዓለም ላይ አምርሮ የሚጠላው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሞጣ የሚኖር አንድ ወጣት ጠበቃ። እኔ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ላገባው የፈለግሁት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያው ጠበቃ።

ጥሉ የተጀመረው ችሎት ላይ ነው። አባቴ በአንድ ዘመዳችን የወሰን ክርክር ሞጣ ድረስ ሄዶ ምስክር ቆመ። የድንበሩን ድንጋይ ማን እንዳነሳው ከማዶ ሆኖ ማየቱን ተናገረ። የወዲያኛው ወገን ጠበቃ ተነሳና፣ "አባቴ፣ እስቲ ያ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ስንት ይላል?" ብሎ ጠየቀው። አባቴ እንኳን ሰዓቱ ግድግዳውም በደንብ አይታየውም። እጅ መስጠት ግን አልፈጠረበትምና ኮራ ብሎ "ሰዓቱ ቆሟል" አለ። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ እያለ ነበር። ችሎቱ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሞጣን በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ "ያ አገር" ይላታል። እኔ እንግሊዝኛ የማስተምረው እዚያው "ያ አገር" ነው።

ጠበቃውን የተዋወቅሁት የማን ልጅ እንደሆንኩ ሰምቶ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ይቅርታ ጠየቀኝ። በሚቀጥለው ሳምንትም ያልጨረሰው ይቅርታ እንዳለ ነግሮኝ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምቱ ሲገባ ሽማግሌ ልላክ ወይ አለኝ። እኔ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም፤ እሱንም መተው አልችልም። አባቴ ደግሞ ከዚያ ሰው ጋር የሚያስታርቀኝ ገና አልተወለደም ብሎ ከተናገረ ቆይቷል። ሲላክበት እንዴት እንደሚያመልጥ፣ ሲለመን እንዴት ቀጠሮ እንደሚያራዝም ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሥራው ነዋ!

ትምህርት ተዘግቶ ቢቸና ስገባ አባቴ ገበያው አጠገብ ጭቃ አንሸራትቶት፣ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ፣ ወጌሻ አስሮት ጠበቀኝ። እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ሰማዩንም ሰውንም ይራገማል። ዝናቡ አያባራም። ቢጨንቀኝ ላፕቶፔን ከፈትኩና የጃፓን ካርቱን አሳየሁት፤ የባህር ወንበዴዎች ታሪክ ነው፤ ክፍሉ ተቆጥሮ አያልቅም። ካርቱኑ ያለበትን ፍላሽ የሰጠኝ ጠበቃው ነበር። ይህንን ትንፍሽ አላልኩም።

ንግግሩ ጃፓንኛ ነው፤ ከታች የሚሮጠውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ በአማርኛ እነግረዋለሁ።

"ሽፍቶች ናቸው በይኛ!" አለ አባቴ ደስ ብሎት።

"አዎ፣ የባህር ሽፍቶች።"

አለቃቸው ቁመቷ ከበርሜል የማይበልጥ ልጅ እግር ናት። ቀንደኛ ጠላቷ ደግሞ መልህቅ እንደ ዱላ የሚያወዛውዝ ግዙፍ ሰው ነው። መርከቧን አቃጠለባት። ከዚያ የራሱ መርከብ ማዕበል መትቶት ሊሰምጥ ሲል ልጅቷ ገመድ ወርውራ አወጣችው። በሚቀጥለው ክፍል ባለመልህቁ አዲሱ መርከቧ ላይ ቁጭ ብሎ ድንች ይልጣል።

"አቁሚው!" አለ አባቴ። "ማን አስታረቃቸው?"

"ማንም። እንዲሁ ታረቁ።"

"እንዲሁ? ዋስ ሳይጠራ? መርከብ አቃጥሎ?" ወደ ኋላ አስመለሰኝ። ዕርቁን መተርጎም ሰልችቶኝ የዘለልኩበት መስሎታል። ደግመን አየነው፤ ገመድ፣ ባህር፣ ድንች። "እንግዲያው ይከዳታል" ብሎ ደመደመ። "ያ ቢላ ለድንች አይደለም።"

በማግስቱ እግሩን ሊጠይቁ የመጡት መሪጌታ ናቸው። ከአባቴ ጋር ስንት ጥል አብረው የፈቱ፣ ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። አባቴ ነገሩን ገና ሲያቀርብላቸው ኩታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አባቴ ልጅቷን ወክሎ ተናገረ፤ መሪጌታው ባለመልህቁን ወከሉ። ካሳው ምን ይሁን፣ መርከቡ ሲቃጠል ውስጡ ምን ነበረ፣ ከመስጠም ማዳኗ ከካሳው ይቀነስባት ወይስ ይጨመርላት እያሉ ምሳ እስኪቀርብ ተከራከሩ። በመጨረሻ ባለመልህቁ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ከልጅቷ ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርብ ፈረዱ። ስክሪኑ ላይ ባለመልህቁ ከልጅቷ ጋር ተሻምቶ እየበላ ነበር። መሪጌታው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔም ያኔ ነው ሰይጣን ሹክ ያለኝ። አባቴ ይህን ጠላት ከወደደው ያኛውንም ይወደው ይሆናል ብዬ ትርጉሙ ላይ እጄን አስገባሁ። ባለመልህቁ "እሺ" ሲል እኔ፣ "እመቤቴ፣ የትናንቱን ጥፋቴን ሳስብ እንጀራው በጉሮሮዬ አይወርድልኝም" እላለሁ። "ንፋሱ ዞረ" ሲል፣ "ልብ ያለው ሰው ይዞራል፤ እኔም ዞሬያለሁ" እላለሁ። አባቴ ዓይኑ ባይረዳውም የሚንቀሳቀስ ነገር አያመልጠውም።

"ይሄ ሰውዬ አፉን አንዴ ነው የከፈተው" አለኝ። "ይህ ሁሉ ከየት መጣ?"

"ጃፓንኛ እጥር ምጥን ያለ ነው" አልኩት። መሪጌታው በአድናቆት "አቤት፣ ቅኔ ነው በይኛ!" አሉ። አለፈልኝ።

አንድ ቀን ግን ውሸት ሳያስፈልገኝ ቀረ። የልጅቷ መርከብ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ባለመልህቁ ሰንሰለቱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ብቻውን ያዘው። የድሮ ጓደኞቹ መጥተው ልቀቀውና ከኛ ጋር ተመለስ ይሉታል፤ ይደበድቡታል፤ አይለቅም። አባቴ የታሰረ እግሩን ረስቶ ሊነሳ ቃጣው። "ያዝ! ያዝ የኔ ጀግና!" እያለ ይጮሃል፤ እንባው ጺሙ ላይ ወርዷል። "ይኸው ሰው! ማንም ሳያስታርቀው!"

ከዚህ የተሻለ ሰዓት አላገኝም ብዬ፣ "አባባ፣ ጠበቃው ሽማግሌ ልላክ ይላል" አልኩ።

እንባውን ሳይጠርግ ዞሮ አየኝ። "የት ያለው ጠበቃ?"

"የ... ያ አገር።"

ላፕቶፑን በራሱ እጅ ከደነው። "ይህን ሁሉ ቀን ልጄ ታጫውተኛለች ስል፣ ለካ ጥብቅና ቆመሽ ኖሯል!" ከዚያ በኋላ አኮረፈኝ። ሲያኮርፍ እንዴት እንደሚችልበት ተናግሬያለሁ። ምግብ በእናቴ በኩል ይጠይቃል፤ ውሃ በእናቴ በኩል ይጠይቃል። አንድ ከሰዓት ግን በእናቴ በኩል፣ "ያ መርከብ ገደል ገባ ወይስ ወጣ በያት" አለ።

"እሱ ራሱ ይየው በይው" አልኳት። እናቴ ሁለታችንንም ሰደበችን።

አየው። መርከቡ ወጣ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ይምጣ" አለ። "ግን እንደነዚህ ስድ ሽፍቶች አይደለም። በወጉ ይምጣ።"

ጠበቃው በወጉ መጣ። ከሞጣ በአውቶቡስ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወርዶ፣ ድንጋዩን ከመናኸሪያው አካባቢ መርጦ፣ በባጃጅ ጭኖት ደረሰ። ወግ አዋቂ ለመምሰል ይሁን እንጃ፣ የመረጠው ድንጋይ የወፍጮ ድንጋይ ያክላል። ማጅራቱ ላይ አድርጎ ደጃፉ ላይ ሲንበረከክ ጉልበቱ ቀጭ አለ። "ይማሩኝ አባቴ" ያለው ከድንጋዩ ሥር ስለነበር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

አባቴ ግን ድንጋዩን ቶሎ አላነሳለትም፤ መጀመሪያ መናገር አማረው። ከሞጣ ለመጡት ሽማግሌዎች ጠላት ወዳጅ ሲሆን እንዴት ያለ ወዳጅ እንደሚሆን፣ ባለመልህቁ ሰንሰለት ወገቡ ላይ ጠምጥሞ የሠራውን እያነሳ አስረዳ። ሽማግሌዎቹ በጥሞና ሰሙት። አንደኛው "እንዴት ያሉ ሰው ናቸው! የየት ወረዳ ናቸው?" ብለው ጠየቁ።

"የባህር ማዶ ሰው ናቸው" አሉ መሪጌታው፣ ቀልድ ሳይታይባቸው።

"ነፍስ ይማር" አሉ ሽማግሌው። ጠበቃው ከድንጋዩ ሥር በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አባቴ በጸጸት መስሎት ልቡ ራራ። ድንጋዩን አንስቶ፣ "እግዜር ይማርህ" አለና አቀፈው።

ሽማግሌዎቹ ግን ለመቀመጥ እንቢ አሉ። ሁለተኛ ጉዳይ አለን ብለው እኔን ለጠበቃው ጠየቁ። አባቴ ይህ እንደሚመጣ ያውቃል፤ እንዲመጡ የፈቀደው ራሱ ነው። ቢሆንም ወዲያው እሺ አላለም። እግሩን እያሻሸ፣ ገና እንደተንበረከከ ያለውን ጠበቃ ቁልቁል አየው።

"ጠላቴ ሳለህ የወሰድክብኝ አንድ ክርክር ነበር" አለው። "ዛሬ ወዳጅ ሆነህ ልጄን ልትወስድ መጣህ። ጠላትነትህ ይሻለኝ ነበር።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ መሪጌታውም ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቀም። በሩ ላይ ቆሜ የምሰማው እኔም አልሳቅሁም።

"እሺ" አለ፣ እኔን እያየ። "ሰጥቻለሁ።"